የአቶ ሻንካ የዓመቱ ምርጥ ዘፈኖች

ከአርባ ምንጭ ልወጣ በዋዜማው ማታ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደ ሠርግ ቤት ሰው ሞልቶበት ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከነጊታራቸው መጥተዋል፣ ጎረቤት ከነልጆቹ መጥቷል፣ እናቴ ኩርኩፋዋን፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሏን፣ በሺፈራው ቅጠል ሠርታ ለሁሉም ታዳርሳለች፤ እኔ አንድ ጥግ ይዤ ሻንጣዬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። ስለምማረው ትምህርት የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ብርድ ነው። አንዷ ጎረቤታችንማ "እዚያ አገር ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል አሉ" ብላ እናቴን አስለቀሰቻት።

አባቴ ሻንካ ሸማኔ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ። ትውልዱ ከላይ ከተራራው፣ ከኦቾሎ ነው። ጌታን ሲቀበል ነው ወደ ከተማ የወረደው። ያን ማታ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ረጅም ጸሎት ጸለየ። ሁሉም "አሜን" ሲሉ እጁን ሳያነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

"ዘፈን ቤት እንዳትገባ።"

የኛን ቤት ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ መዝሙርና ዘፈን ለየብቻ ናቸው። ጊታሩ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ዜማውም አንዳንዴ አንድ ነው፤ ግን መዝሙር ቤት ይገባል፣ ዘፈን ደጅ ይቀራል። እኔም በመዘምራኑ ውስጥ ጊታር እየመታሁ ያደግሁ ልጅ ነኝና ነገሩ አልከበደኝም። "አልገባም አባዬ" አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

አውቶቡሱ ሲነጋጋ ተነሳ። ከከተማ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን በስተግራ የኦቾሎ ተራራ ብቅ አለ። አባቴ ልጅ ሳለሁ ለአጎቱ ለቅሶ ወደዚያ ወስዶኝ ነበር። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቆመው ያዜማሉ። ሁሉም አንድ ዜማ አይደለም የሚያወጣው፤ አንዱ ታች ይይዛል፣ ሌላው መሐል፣ አንዱ ደግሞ ከላይ ብቻውን ይሄዳል፤ ተደራርቦ ተራራው ራሱ የሚያዜም ይመስላል። አንድ ድምፅ ሲጎድል ያስታውቃል። ያኔ ታላቁ ሰውዬ ዜማውን አስቁሞ "ማነው የቀረው?" ብሎ ይጠይቃል። የቀረው ሰው ዘመድ ስሙንና ምክንያቱን ይናገራል፤ "እገሌ ነው፣ ታሟል"፣ "እገሌ ነው፣ ገበያ ወርዷል"። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል። የዚያን ቀንም ሰውዬው ጠየቀ። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ከንፈሩን ገጥሞ ቆሟል፤ የእግሩ ጣቶች ብቻ አቧራው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ለካ የላይኛው ድምፅ የሱ ነበር። ካመነ በኋላ ትቶታል። ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ገዛሁ። ያ ሙዝ አዲስ አበባ ድረስ አላለቀም፤ አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን ስበላ ዘበኛው ሳቀብኝ።

የደረስኩበት ከተማ ግላስጎው ይባላል፤ ስኮትላንድ ነው። የውሃ ምህንድስና ልማር ነው የመጣሁት፤ ለዚህ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ከተማ አይገኝም፤ ውሃው ራሱ ክፍል ድረስ ይመጣል። ዝናቡ ግን እንደኛ ዝናብ አይደለም። የኛ ዝናብ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ሁሉን ይሳደባል፣ ከዚያ ይሄድና ፀሐይ ይወጣል። የነሱ ማንም ያልጠራው እንግዳ ነው። መጥቶ ቁጭ ይላል፤ አይጮህም፣ አይሄድምም። ሙዛቸው ደግሞ መልኩ ያማረ፣ ልክ በልክ፣ ላስቲክ የለበሰ ነው፤ ስትበሉት ግን ሙዝ እየበላችሁ መሆኑን ማስታወስ አለባችሁ።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በስሜ ነው። ለመመዝገብ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ተቀምጣለች።

"የቤተሰብ ስም?"

"የቤተሰብ ስም የለንም። እኔ ምሕረቱ ነኝ። ሻንካ አባቴ ነው።"

"መልካም፤ ሚስተር ሻንካ..."

"አይደለሁም። ሚስተር ሻንካ አርባ ምንጭ ነው ያለው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ እዚህ ማነው የቆመው?"

"ምሕረቱ።"

"ሚስተር ሻንካ ያለበትን እያወቅህ ነው አልመጣም የምትለኝ?"

"እንዴት ይመጣል? ቪዛ የለውም። አሁን ሸማ ላይ ነው።"

ሴትዮዋ ተነፈሰችና ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ አገር ሻንካ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሻንካ ይለኛል፣ ባንኩ ሻንካ ይለኛል፤ አባቴ ሳያውቅ በሁለት አገር መኖር ጀመረ።

አከራዬ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠርቼ አሳየሁት። ግድግዳውን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ።

"የውሃ መሐንዲስ ነኝ አላልከኝም?"

"ተማሪ ነኝ።"

"ከተማህስ ማን ነበር ያልከኝ?"

"አርባ ምንጭ። አርባ ምንጮች ያሉባት ማለት ነው።"

"እንግዲህ" አለኝ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣ "አሁን አርባ አንድ ሆኑልህ።"

ሳቀ፤ ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔም አልጋዬን ወደ መሐል ሳብኩት፤ እስካሁን መሐል ነው።

ትምህርቱን ጨረስኩ። ለመቆየት አመለከትኩ። ወረቀቴ ኢሚግሬሽን ውስጥ ነው፤ መልስ እስኪመጣ ከአገር ከወጣሁ መመለስ የለም። እናቴ በደወለች ቁጥር "መቼ ነው የምትመጣው?" ትላለች፤ እኔ "እየጠበቅሁ ነው" እላለሁ። አባቴ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። እሑድ እሑድ ከጉባኤ መልስ ይደውላል፣ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ በስልክ ይጸልይልኛል፣ ይዘጋል። የሚያወራኝ በአማርኛ ነው። እቤት ጋሞኛ ነው የምንነጋገረው፤ እሱ ግን ስልክ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ይመስለዋል፣ ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ያወራበታል። አማርኛው ላይ ወንዱ ሴት ይሆናል፣ ሴቷ ወንድ። ግድ የለኝም። የሳምንቱ ስንቄ ያቺ ጸሎት ናት።

አሁን ወደ ዘፈን ቤቱ ልግባ።

አንድ ቀን ዝናብ አስመረረኝና ያገኘሁትን በር ገፍቼ ገባሁ። ሸክላ የሚሸጥ ሙዚቃ ቤት ኖሯል፤ የድሮውን ትልልቁን ሸክላ፣ እዚህ አሁንም እየታተመ ይሸጣል። ጠባብ ናት፣ አቧራና ሻይ ትሸታለች። ባንኮኒው ጀርባ ኬኒ የሚባል ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ተቀምጧል።

"ትገዛለህ ወይስ ትደርቃለህ?" አለኝ።

"እደርቃለሁ" አልኩት፤ ምን ልዋሽ።

ያን ጊዜ የተከፈተውን ሰማሁት። ሁለት ጊታር ደወል ደወል እያለ ይሮጣል፣ ከበሮው ይቸኩላል፣ ከዚያ ኮረሱ፣ አዝማቹ፣ ሲመጣ ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ገባ፤ አንዱ ታች፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ላይ። ፀጉሬ ቆመ። ኬኒን የጠየቅሁትን ጥያቄ እስካሁን ለደንበኛ ሁሉ እያወራ ይስቅብኛል።

"እነዚህ ሰዎች ከየትኛው መንደር ናቸው?"

ምን ላድርግ? እኔ እንደዚያ የሚያዜም ሰው የማውቀው ከአንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው። ኬኒ ስቆ ሲያበቃ "ፓወር ፖፕ ይባላል" አለኝና ሻይ ቀዳልኝ። ዝናቡም አላባራ፣ እኔም አልወጣሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ እየደረደርኩ ጀመርኩ፤ ትምህርቴ ሲያልቅ ቋሚ ሆንኩ። ለቤተሰቦቼ "ሱቅ ነው የምሠራው" አልኳቸው። እውነት ነው፣ ሱቅ ነው።

ፓወር ፖፕ ማለት እንዲህ ነው፤ ዘፈኑ አጭር ነው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጊታሩ ጮክ ይላል፣ ዜማው ግን ሕፃን ይዞት ሊዞር የሚችል ቀላል ነው። ዜማው ይስቃል፣ ቃሉ ያለቅሳል። ሁልጊዜ የሄደ ሰው አለ፤ ሁልጊዜ በመስኮት የሚያይ ሰው አለ። ስደተኛ ለምን እንደሚወደው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አዲስ ሸክላ የሚወጣው ዓርብ ነው፤ ዓርብ ለኛ የገበያ ቀን ናት። ባለፈው ዓመት ከወጡት ውስጥ ልቤን የወሰዱትን ልንገራችሁ። አንደኛው የዚሁ ከተማ አስተማሪዎች የሠሩት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ስለማይመጣ አውቶቡስ ነው የሚያወራው። ኮረሱ ላይ የፌርማታውን ስም ደጋግመው ይጠራሉ። በሰማሁት ቁጥር የሲቀላው ሚኒባስ ረዳት "ሴቻ! ሴቻ! ሴቻ!" እያለ የላይኛውን ሰፈር እየጠራ በሩን ሲደበድብ ይታየኛል። እነሱ ስለ አውቶቡስ መቅረት አለቀሱ፤ እኔ ሚኒባሱ ሲሞላ የተቀመጥኩበት ሰው ጭን ናፈቀኝ። ሌላው የጃፓን ሴቶች ናቸው። የሚሉትን አንድ ቃል አላውቅም፤ ግን ጭብጨባቸው የመዘምራኖቻችን ጭብጨባ ነው፣ ትንሽ ቀድሞ የሚመጣው። ኬኒ "ፈጥነዋል፣ ተሳስተዋል" ይላል። አልተሳሳቱም፤ ደስ ብሏቸው ነው። ደግሞ አንድ የስፔን ጡረተኛ ፖስተኛ አለ፣ ዕድሜ ልኩን የሰው ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ በመጨረሻ የራሱን አልበም ያወጣ። ያ ሸክላ ሙቀት አለው። ማሞቂያው ሲበላሽ እሱን እከፍታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሲጠበስ የሚመታችሁ ዓይነት ሙቀት ነው።

ከሁሉም በላይ የመረጥኩት ግን የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ በሰሜን በኩል ካለች ትንሽ ደሴት ናቸው፣ ዓሣ አጥማጆች። አንዱ ታች ይዘፍናል፣ አንዱ መሐል። ስለ ጀልባ ነው፤ ስለ ነፋስ ነው። ሁልጊዜ ኮረሱ ላይ ስደርስ የያዝኩትን ሸክላ አስቀምጬ እቆማለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ኬኒን ጠየቅሁት። "ያላለቀ ነገር አለው" አለኝ፤ እሱም ከዚያ በላይ አላወቀም።

ኬኒ በዓመቱ መጨረሻ የሚያደርገው ነገር አለ። ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ የዓመቱን ምርጦቹን በካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ከላይ ስሙ በትልቁ ይጻፋል። የኔን ስም የጻፈው ኬኒ ነው፤ ለኬኒ ደግሞ እኔ ሻንካ ነኝ። "ሻንካ፦ የዓመቱ ፓወር ፖፕ" ብሎ በቀይ ጻፈው። እዚያው ሥር ቆሜ ሳለሁ ታናሽ እህቴ አስቴር ቴሌግራም ላይ "ከስተሃል እንዴ? ፎቶ ላክ" አለችኝ። ፎቶ ተነሥቼ ላክሁ። ካርቶኑ ከጭንቅላቴ በላይ እንዳለ ልብ አላልኩም።

በሳምንቱ አስቴር ደወለች፤ ሳቁ አላስወራትም።

"ጉድ ፈልቷል ወንድሜ! ፎቶህን ለመዘምራኑ አሳየኋቸው። ሻንካ፣ ፓወር የሚለውን አነበቡ።"

"እና?"

"እናማ ፓወር ኃይል አይደል? በአባዬ ስም የኃይል ዝማሬ እየመረጠ ነው አሉ። እሑድ መድረክ ላይ ተነገረ! 'የሽማግሌያችን የአቶ ሻንካ ልጅ በስኮትላንድ ምድር የዓመቱን የኃይል ዝማሬዎች መርጧል' ተባለ፤ ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። አሁን ሲቀላ ሁሉ አባዬን ሻንካ ፓወር ነው የሚለው።"

"አባዬስ?"

ሳቋ ቀነሰ። "ደስ ብሎታል። አዲሱን ኮቱን ለብሶ ነው የሚዞረው። ነገ ሲደውል አሰማኝ ሊልህ ነው።"

ያን ሌሊት ከአርባ አንደኛዋ ምንጭ ጋር ስንጠባጠብ አደርን። ኢሚግሬሽንን እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እውነቱን ብነግረው በጉባኤው ፊት አፍሮ ይቀራል፣ እሑድ እሑድም ላይደውልልኝ ይችላል። መዝሙር ነው ብዬ ብዋሸው፣ የሚጸልየው ለሌላ ልጅ ይሆናል። ያቺን ጸሎት ካጣሁ እዚህ አገር ምን ይዤ እንደምቆም አላውቅም።

እሑድ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ደወለ።

"ልጄ፣ ስልኩ ትሰማለች?"

"ትሰማለች አባዬ።"

"ጉባኤው ሁሉ ሰላም ብላሃለች። ዝማሬ መረጥክ አሉኝ። በኔ ስም መረጥክ አሉኝ። ተባረክ። እስቲ አንዱን አሰማኝ።"

ኬኒ ከባንኮኒው ጀርባ አየኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ሬዲዮውን ዘጋው።

"አባዬ፣ መዝሙር አይደለም። ዘፈን ነው።"

ከጀርባው ሲቀላ ትሰማለች፤ ባጃጅ፣ ዶሮ፣ የጎረቤት ልጅ።

"ፓወር ትላለች አይደል?"

"እዚህ ፓወር ማለት ጊታሩ ጮክ ይላል ማለት ነው።"

"የምትሠራበት ቤትስ?"

"ሙዚቃ ቤት።"

"ዘፈን ቤት ማለት ነው።"

"አዎ አባዬ።"

"ገባህ ማለት ነው።"

"ገባሁ።"

ሊዘጋው ነው ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ይጠጣል?"

"ሻይ ብቻ።"

"ይጨፈራል?"

"ባለቤቱ ጉልበቱን ያመዋል።"

ተነፈሰ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅበት። "ሽማግሌ ያልሰማውን ነገር አይፈርድም። ስሜ የተጻፈበትን እኔ ሳልሰማ ልቀር ነው? አሰማኝ።"

የቱን እንደማሰማው አላሰብኩም፤ እጄ ራሱ የወንድማማቾቹን ሸክላ አወጣ። ኬኒ መርፌውን አስቀመጠ። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁት። ጊታሩ ገባ፣ ታችኛው ድምፅ ገባ፣ መካከለኛው ገባ። ኮረሱ ላይ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት፤ ዘግቶት እንደሆነ ላረጋግጥ።

አልዘጋውም። ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ መስመሩ የሚያፏጭ መሰለኝ። አባቴ ነው። ቃል የለውም፣ አፉም የተገጠመ ይመስለኛል፤ ግን ከሁለቱ ወንድማማቾች በላይ ብቻውን እየሄደ ነው፤ ሲወጡ ይወጣል፣ ሲወርዱ ይጠብቃቸዋል። ድምፁ አርጅቷል፣ ጫፉ ላይ ይሰበራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ የሰው አገር ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። አለቀስኩ፤ ኬኒ ፊቱን አዞረልኝ።

ዘፈኑ አለቀ። አባቴ ስልክ ላይ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። በጋሞኛ ተናገረ።

"የላይኛው የለም" አለኝ። "ያ ቦታ የኔ ነበር። ከኔ ወደ አንተ ነበር የሚያልፈው። ማነው የቀረው?"

በተራራው ላይ ይህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ስምና ምክንያት።

"እኔ ነኝ አባዬ። ምሕረቱ። ወረቀት እየጠበቅሁ ነው።"

"መቼ ነው የምትገባው?"

በኛም ቋንቋ እንደ አማርኛው ነው፤ ሰው ዘፈን ውስጥም ይገባል፣ አገሩም ይገባል። የትኛውን እንደጠየቀኝ አላወቅሁም። ለኬኒ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። መርፌውን አንሥቶ ወደ መጀመሪያው መለሰው፤ አባቴም ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀ።